ማነጣጠር፦ በስሌት ወይስ በስሜት?

ከሶፊ ወረዳ ወደ ሐረር ከተማ ለትምህርት የሚመላለስ አንድ ተማሪ እናስብ። ፑል ቤት ጎራ ሲል አንድ ጎበዝ ተጫዋች፣ «እኔ በግምት አልመታም፤ ነጩን ኳስ በተመቺው ኳስ ጠርዝ ላይ አነጣጥር፤ ይገባልሃል» ይለዋል። ተማሪው በዘዴው ይገጥማል፤ ይሸነፋል፤ የጨዋታውን ሒሳብም ይከፍላል። ጥፋቱ የማን ነው? የዘዴው ወይስ የተማሪው?

የቢሊያርድ ግጭት የፊዚክስ ጉዳይ ከሆነ ቆይቷል፤ ፈረንሳዊው ኮሪዮሊስ እ.ኤ.አ. በ1835 መጽሐፍ አሳትሞበታል። ሁለት እኩል ኳሶች ሲነካኩ መሐላቸው በአንድ ዳያሜትር ይራራቃል፤ ይህም በመደበኛ የፑል ኳስ 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሰበቃን ለጊዜው ብንተወው፣ ተመቺው ኳስ የሚጓዘው በንክኪው ቅጽበት ሁለቱን መሐሎች በሚያገናኘው መስመር ነው። በመሆኑም የነጩ ኳስ የጉዞ መስመር ከተመቺው ኳስ መሐል የሚርቅበት መጠን ለዳያሜትሩ ሲካፈል፣ ተመቺው ኳስ ከነጩ አቅጣጫ የሚያፈነግጥበትን ማዕዘን ሳይን ይሰጠናል። ጠርዙ ላይ ስናነጣጥር ውጤቱ 0.5፣ ማዕዘኑም 30 ዲግሪ ይሆናል።

እንግዲህ ዘዴውን እንፈትን። ወደ ቀዳዳው ለማስገባት 30 ዲግሪ የሚያስፈልግበትን አቀማመጥ በጠመኔ ምልክት እናድርግ። ቀጥሎም የሁለቱን ኳሶች ርቀትና አቅጣጫ ሳንለውጥ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ወደ ጎን በማንሸራተት 20 ዲግሪ የሚያስፈልግበትን ሁለተኛ አቀማመጥ እንምረጥ። ተራውን በዕጣ እየወሰንን ከእያንዳንዱ 20 ጊዜ እናስመታ፤ ውጤቱንም እንመዝግብ። የአንድ ወይም የሁለት ኳስ ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ ስለሚችል ከዚያ ተነስተን አንፍረድ።

ዘዴው የሚናገረው ስለ ሁለቱ ኳሶች ብቻ ነው፤ ስለ ቀዳዳው አያውቅም። ስለዚህ በሁለተኛው አቀማመጥ ዘዴውን በታማኝነት የተከተለ ሰው በ10 ዲግሪ መሳት አለበት፤ ቀዳዳው 1 ሜትር ቢርቅ ስሕተቱ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ጎበዙ ተጫዋች ከሁለቱም ቦታ ደጋግሞ ካስገባ፣ ሳያውቀው ዓይኑ ቀዳዳውን አይቶ አቅጣጫውን አርሟል ማለት ነው። እንዳታለለ ግን አንቈጥረውም፤ የሚያደርገውን በትክክል አልገለጸም እንጂ።

ስሜትን ግን አንናቅ። በኳሶቹ መካከል ያለው ሰበቃ ተመቺውን ኳስ በጥቂት ዲግሪ ሊያዛባው ይችላል፤ የለመደ እጅ ይህን ያካክሳል። ይህ ችሎታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የሚገኘው በልምምድ ነው። ተማሪያችን የተሸነፈው ዘዴውን ስላልገባው ሳይሆን ያልተነገረው ልምድ ስለጎደለው ነው።

ስለ አጠናን ስልትም ሆነ ስለ መድኃኒት «ዘዴ አለኝ» የሚል ሰው ሲገጥመን ጥያቄው አንድ ነው፦ የተነገረውን ብቻ፣ ሳንጨምርና ሳንቀንስ ብንፈጽም፣ ያው ውጤት ይገኛል?