ቲቪያችሁን ከፋየርፕሌስ በላይ ከመስቀላችሁ በፊት፦ ስለ አንገት፣ ስለ ዓይንና ስለ ልጆች



ዛሬ የማነሳው የቤት ዕቃ ጉዳይ ይመስላል፤ ግን ሰውን ክሊኒክ ድረስ የሚያመጣ ነገር ነው። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቻችን የምትገዙት ወይም የምትከራዩት ቤት ሳሎን ብዙ ጊዜ ፋየርፕሌስ፣ ማለትም ግድግዳ ውስጥ የተሠራ የእሳት ማንደጃ አለው። ሶፋው ወደ እሱ ዞሮ ይቀመጣል፣ ከላዩ ያለው ግድግዳ ባዶ ነው፣ ቲቪውም እዚያ ይሰቀላል። ያምራል፣ ቦታም ይቆጥባል። ግን አንገታችሁስ ምን ይላል?

አገር ቤት ያላችሁም "እኛ ፋየርፕሌስ የለንም" ብላችሁ አትለፉ። ከብፌው በላይ፣ ኮርኒሱን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው የተሰቀለ ቲቪ በየቤቱ አለ። ችግሩ አንድ ነው።

👉 አንገት ላይ ምን ይፈጠራል?

የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ከ4.5 እስከ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ቀጥ ብላችሁ ፊት ለፊት ስታዩ ይህ ክብደት በአንገት አጥንቶች ላይ ሚዛኑን ጠብቆ ይቀመጣል፤ ጡንቻዎችም ብዙ አይለፉም። ቀና ስትሉ ግን ከአንገት ጀርባ ያሉት ትናንሽ መገጣጠሚያዎች ይጨመቃሉ፣ ነርቮች የሚወጡባቸው ቀዳዳዎች ይጠብባሉ፣ የማጅራት ጡንቻዎችም ተኮማትረው ይቆያሉ።

ለአንድ ደቂቃ ቢሆን ምንም አይደል። ግን የሁለት ሰዓት ፊልም፣ ቅዳሜና እሁድ ኳስ፣ ማታ ማታ ተከታታይ ድራማ ሲደራረብ የማጅራት ሕመም፣ ከኋላ ተነስቶ ወደ ግንባር የሚመጣ ራስ ምታትና የትከሻ መወጠር ሊከተል ይችላል። ቀድሞውኑ የአንገት ዲስክ ችግር ወይም የመገጣጠሚያ መበላት ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ቀና ሲሉ እጃቸው ድረስ የሚወርድ መደንዘዝ ሊሰማቸው ይችላል። ብዙ ሰው "ትራሱ ነው"፣ "ብርድ መቶኝ ነው" ይላል እንጂ ቲቪውን አይጠረጥርም።

👉 ዓይንስ?

ዓይናችን ሲያርፍ በተፈጥሮው በትንሹ ወደ ታች ያያል። ወደ ላይ ስናይ የላይኛው ቆብ ስለሚነሳ ለአየር የሚጋለጠው የዓይን ክፍል ይሰፋል፣ እንባም ቶሎ ይተናል። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ደግሞ ዓይናችንን የምናርገበግበው ከወትሮው ባነሰ ነው። በክረምት ማሞቂያው ቤቱን ሲያደርቀው፣ ከታች እሳቱ ሲጨመርበት፣ ማታ ዓይን ቢቆጠቁጥና አሸዋ የገባበት ያህል ቢሰማችሁ አይገርምም።

👉 ልኩ ስንት ነው?

ስህተቱ የሚጀምረው ቆመን ስለምንለካ ነው። ሰቃዩም ባለቤቱም ቆመው "እዚህ ጋ ጥሩ ነው" ይላሉ። የምናየው ግን ተቀምጠን ነው። እንዲህ አድርጉ፦

1. ሁልጊዜ በምትቀመጡበት ሶፋ ላይ እንደ ልማዳችሁ ተቀመጡ። ሌላ ሰው ከወለሉ እስከ ዓይናችሁ ይለካ። አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ10 ይሆናል።

2. ከተቻለ የስክሪኑ መሃል በዚህ ከፍታ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ይሁን።

3. የግድ ከፍ ካለ፣ መሃሉ ከዓይናችሁ በላይ የሚወጣው ከፍታ ከሶፋው እስከ ቲቪው ካለው ርቀት ከሩብ አይብለጥ። ይህ ወደ 14 ዲግሪ ቀና ማለት ነው።

ምሳሌ፦ ባለ 55 ኢንች ቲቪ ቁመቱ 68 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የታችኛው ጠርዙ ከወለሉ 145 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሰቀል መሃሉ 180 አካባቢ ይሆናል። ዓይናችሁ 105 ላይ ከሆነ ልዩነቱ 75 ነው። ሶፋው 2 ሜትር ተኩል ላይ ከሆነ ሩቡ 62 ብቻ ስለሆነ ቲቪው በጣም ከፍ ብሏል። ሶፋውን ወደ 3 ሜትር ብታርቁት ግን ልኩ ላይ ይደርሳል።

ቲቪውን ወደ ታች ማጋደል ምስሉን ያጠራል፣ ነጸብራቅም ይቀንሳል። አንገታችሁን ግን አያወርደውም፤ ከፍታው ያው ነውና። የሚረዳው ስታዩ ወደ ታች ስባችሁ የምታወርዱት ማንጠልጠያ ወይም ጭንቅላትን ጭምር ደግፎ ወደ ኋላ የሚለጠጥ ወንበር ነው። ሌላ ግድግዳ ካለ ግን ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው።

👉 ልጆች ካሉ

ቲቪን ግድግዳ ላይ አጥብቆ ማሰር ራሱ ጥሩ ነገር ነው። ኮሞዲኖ ላይ እንዲሁ የተቀመጠ ቲቪ ሕፃን ሲንጠላጠልበት ወድቆ ጭንቅላቱን ክፉኛ ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ ዝቅ አድርጋችሁ ስታስቀምጡትም በማሰሪያ ከግድግዳው ጋር ይያዝ።

ፋየርፕሌሱ ሲነድ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። የጋዝ ፋየርፕሌስ የፊት መስታወት ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ይችላል፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ለብዙ ደቂቃዎች ያቃጥላል። መራመድ የጀመረ ሕፃን የቲቪው ምስል ስቦት ሲጠጋ መዳፉን እዚያ ላይ ያሳርፋል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የሚሠሩት መስታወታቸው በጣም የሚግል የጋዝ ፋየርፕሌሶች መከላከያ ወንፊት ይዘው እንዲመጡ የደረጃ መስፈርቱ ያዛል፤ ቤታችሁ የቆየ ከሆነ ግን ላይኖረው ስለሚችል ለብቻው ግዙ። ልጁ ከተቃጠለ ቃጠሎውን ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ሥር አቆዩትና ወደ ሐኪም ውሰዱት። የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ በረዶ አይደረግም።

ቤቱ ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ መሣሪያ መኖሩንም አረጋግጡ። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም።

👉 አሁን የሚያማችሁ ከሆነ

ለሁለት ሳምንት ቲቪ የምታዩበትን ከፍታ ወይም ወንበር ቀይሩ። በየ30 ደቂቃው ተነሱ፣ ትከሻችሁን አሽከርክሩ፣ አገጫችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሳቡና ለ5 ሰከንድ ያዙ፤ 10 ጊዜ ድገሙት። ሞቅ ባለ ፎጣ መያዝም ያቀላል። አንገታችሁን ግን ለማንም በኃይል አታስጠምዝዙ፤ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሥሮች በዚያ ያልፋሉ።

ሳትዘገዩ ሐኪም ጋ የምትሄዱት፦

• እጅ ወይም እግር ከደከመ፣ መደንዘዙ ካልተወ፣ አረማመድ ከተበላሸ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ
• ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና የአንገት መገተር አብረው ከመጡ
• ሕመሙ የጀመረው ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ ከሆነ
• የአንገት ወይም የመንጋጋ ሕመሙ ከደረት መጨነቅና ከላብ ጋር ከሆነ (ይህ የልብ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል!)

ግድግዳው ከመበሳቱ በፊት ሜትር ይዛችሁ አንዴ ቁጭ በሉ። አዲስ ቤት የሚገባ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ ይህን ላኩለት።

መልካም ጤና!