ብርሃን ወደ ጥልቁ እንዲደርስ

ንባብ፦ ኢዮብ 38፥16፤ ዘፍጥረት 2፥15

እግዚአብሔር ስለ ባሕር ጥልቀት በጠየቀው ጊዜ ኢዮብ መልስ አልነበረውም። ዛሬ ሰው በጥቂቱም ቢሆን ወርዶ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1943 ፈረንሳውያኑ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን ጠላቂ አየሩን በጀርባው ተሸክሞ የሚተነፍስበትን መሣሪያ ሠሩ። በሜዲትራንያን ባሕር የሚጠልቁ ሰዎች በአለት ስንጥቅ የሚደበቀውን ኦክቶፐስና ፖሲዶኒያ የተባለውን የባሕር ተክል ያያሉ። ይህ ተክል ውኃው ጥሩ ከሆነ እስከ 40 ሜትር ጥልቀት ድረስ ይበቅላል፤ ለትናንሽ ዓሦችም መጠለያ ነው። ሆኖም የሚኖረው በፀሐይ ብርሃን ስለሆነ ውኃው ሲደፈርስ ይጠፋል።

የእኛው የአባያ ሐይቅስ? ውኃው ቀይ ቡናማ ነው፤ ጠላቂ ቢገባበት የዘረጋውን እጁን እንኳ አያይም። የብላቴ ወንዝና ሌሎች ወንዞች ከደጋው የሚያወርዱት ደቃቅ አፈር በውስጡ ተንሳፎ ይቆያል። ከዚያ አፈር ከፊሉ እኛ ካረስነው ተዳፋትና ከመነጠርነው ደን የታጠበ ነው። እንግዲህ ሐይቁን መጠበቅ ከማሳችን ይጀምራል።

ይህም የሚቻል መሆኑን የሁምቦ ገበሬዎች አሳይተውናል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ 2,728 ሄክታር የተራራ መሬት ተከልሎ፣ የተቆረጡት ዛፎች ከጉቷቸው እንደገና አቆጠቆጡ። ሥሩ አልሞተም ነበር፤ የጎደለው ጠባቂ ነበር። አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነውና፣ ይህ አደራ የእኛም ነው።

ለውይይት፦
1. በሰፈራችን ጎርፍ አፈር የሚጠርገው ከየት ነው?
2. በመጪው ክረምት የትኛውን ቦታ እንከልል?