ስለ ውፍረትና ስለ ክሳት፤ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ላሉ ሹማምንት የቀረበ ትምህርት

የአገር ሀብት የሚታወቀው በጎተራው ብቻ አይደለም፤ በሰዎቹም አካል ነው። አንድ ሹም የወረዳውን የቡና ኩንታል ቆጥሮ የሕዝቡን አካል ሳይመለከት ቢቀር የሥራውን እኩሌታ ብቻ አውቋል። ስለዚህ ውፍረትና ክሳት በአገራችን እንዴት እንደ ተከፋፈሉ፥ በቡና አገርም ሁለቱ ስለ ምን ጎረቤት እንደ ሆኑ ከዚህ በታች እንገልጻለን።

አስቀድሞ መለኪያውን ማወቅ ያስፈልጋል። የሰውየው ክብደት በኪሎ ተመዝኖ፥ ቁመቱ በሜትር ተለክቶ በራሱ ከተባዛ በኋላ፥ ክብደቱ በዚያ ይካፈላል። ውጤቱ ከ18.5 ቢያንስ ክሳት፥ 25 ቢሞላ ከልክ ያለፈ ክብደት፥ 30 ቢሞላ በሽታን የሚጠራ ውፍረት ይባላል። ቁመቷ 1.60 ሜትር የሆነ ሴት 64 ኪሎ ብትመዝን 25 ደረሰች ማለት ነው።

በ2008 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱ 100 ሴቶች 8 ያህሉ 25ንና ከዚያ በላይ ሆነው ሲገኙ፥ 22ቱ ግን ከሲታ ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. እነዚሁ ቍጥሮች 3 እና 30 ነበሩ። ነገር ግን ይህ የአገር አማካይ ልዩነቱን ይሸፍናል፤ በከተማ 21፥ በገጠር 4 ነውና። በአዲስ አበባማ ከሩብ በላይ ነበር። ስለ ሕፃናትም እንደዚሁ ነው። ጎጃምን የመሰለ የእህል አገር ባለበት በአማራ ክልል ከ100 ሕፃናት 46ቱ ቁመታቸው ከዕድሜያቸው አጥሮ ሲገኝ፥ በአዲስ አበባ 15 ብቻ ነበሩ። እንግዲህ እህል የበዛበት አገር ሁሉ ልጆቹ የጠገቡ አይደሉም።

የቡና አገር ነገር ከዚህ ይከፋል። በአጋሮ፥ በሊሙ ገነት፥ በጌራና በማና ገንዘብ የሚገባው ቡና በሚለቀምበት ወራት ባንድ ጊዜ ነው። ያ ገንዘብ ለዕዳ፥ ለድግስና ለልብስ ይወጣና ክረምት ሲገባ ቤቱ ባዶ ይሆናል። የእህሉና የጓሮው መሬት ለቡናና ለጫት ከተለቀቀ፥ ገበሬው በቆሎውን በውድ ይሸምታል። የእንሰት ቆጮም ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋን የሚገነባው ነገር በውስጡ ጥቂት ነው፤ ባቄላ፥ ጎመንና ወተት ካልታከለበት ሕፃኑ ይቀጭጫል። በከተማው ግን ነጋዴው ከመጋዘኑ እስከ ቤቱ በባጃጅ ይሄዳል፤ ስኳር የበዛበት ሻይ፥ ነጭ ዳቦና በፓልም ዘይት የተጠበሰ ምግብ ያዘወትራል። ቦርጭም የጌትነት ምልክት ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን የስኳር በሽታና የደም ግፊት መንገድ ጠራጊ ነው።

ሁለቱ ጉዳቶች የተለያዩ አይምሰሉን። በ1937 ዓ.ም. በሆላንድ በጦርነት ምክንያት ረሃብ በሆነ ጊዜ፥ በእርግዝናቸው መጀመሪያ ከተራቡ እናቶች የተወለዱት አድገው ሲመረመሩ ለውፍረት የቀረቡ ሆነው ተገኝተዋል። በማኅፀን የተራበ አካል ኋላ ምግብ ሲያገኝ ስብ ማከማቸት ይወዳል። ስለዚህ ዛሬ በቡና ለቃሚው ጎጆ የቀጨጨው ሕፃን፥ ነገ ወደ ከተማ ገብቶ ሲደላው ቶሎ የሚታመመው እርሱ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ የሹማምንትና የባለ ቡናዎች ሥራ ይህ ነው፤

1ኛ፤ ቡና ተካዩ ሁሉ በጓሮው ጎመን፥ ቦሎቄና ፍራፍሬ እንዲያስቀር መምከር፤
2ኛ፤ የቡናው ዋጋ ሲከፈል ገበሬው የክረምቱን እህል አስቀድሞ እንዲገዛ፥ ማኅበራትም እህል እንዲያከማቹ ማድረግ፤
3ኛ፤ እርጉዞችና ሕፃናት በጤና ኬላ እንዲመዘኑ መከታተል፤
4ኛ፤ በከተማ ለእግረኛ የሚሆን መንገድና ለልጆች መጫወቻ ሜዳ ከግንባታ መጠበቅ፤
5ኛ፤ በስብሰባና በግብዣ ጊዜ ስኳርና ቅባት መቀነስ፤ ሕዝብ ሹሙን አይቶ ይከተላልና።

ለምክርም ሩቅ መሄድ አያሻም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ከእርሻ ኮሌጅና ከጤና ተቋም ተጣምሮ የተመሠረተ ስለ ሆነ፥ የእርሻውም የሐኪሙም እውቀት በአንድ ደጅ ይገኛል። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ እንደሚባለው፥ የጅማን ችግር የጅማ ጓሮና የጅማ ሊቃውንት ሊፈቱት ይችላሉ፤ የሚቀረው የሹሙ ትጋት ነው።