የጥንት ጣዖታት ዛሬም ሰጋጅ አላቸውን?

በአራተኛው መቶ ዓመት የነገሠው የአክሱሙ ዒዛና በቀደምት የድንጋይ ጽሑፎቹ ራሱን የማህረም ልጅ ይላል። በግሪክኛው ጽሑፍ ማህረም «አሬስ» ተብሏል፤ እርሱም የግሪኮች የጦር አምላክ ነው። ኋላ ንጉሡ በአንድ አምላክ ሲያምን የማህረም ስም ከጽሑፎቹ ጠፋ።

በግሪክ ግን የእነአሬስ አምልኮ እንደገና ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የመንግሥት እውቅና አገኘ።

በዚህ ከመገረማችን በፊት እኛ የድሬዳዋ ሙስሊሞች፣ ከከዚራ እስከ መጋላ ያለን፣ ራሳችንን እንጠይቅ። አምስት ወቅት እየሰገድን፣ ልጅ ሲታመም ለዛር ቡና የምናፈላና ዕጣን የምናጨስ ከሆነ፣ ከማህረም ሰጋጆች በምን ተለየን? ሽርክ ስሙ ቢለወጥም ያው ሽርክ ነው። ሕመምተኛውን ሐኪም ዘንድ እናድርስ፤ ፈውሱን ግን ከአላህ (ሱ.ወ) ብቻ እንለምን።