የጨረታ አሸናፊ መቼ ባለቤት ይሆናል?

«እገሌ በሐራጅ ቤት ወሰደ» ሲባል በአዳማም፣ በሞጆም፣ በሻሸመኔም እሰማለሁ። አነጋገሩ ያሳስበኛል። ሰውዬው ያሸነፈው ጨረታውን ነው፤ ቤቱ ገና በተበዳሪው ስም ነው ያለው።

ብዙዎቹ የባንክ ሐራጅ ማስታወቂያዎች የሚወጡት በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ነው። አዋጁ ባንክ በመያዣ ውሉ ሥልጣን ከተሰጠው ለተበዳሪው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ንብረቱን ያለ ፍርድ ቤት እንዲሸጥና ባለቤትነቱን ለገዥው እንዲያስተላልፍ ይፈቅድለታል። ተጫራቹ እንደተለመደው የመነሻውን ዋጋ አንድ አራተኛ በሲፒኦ ያስይዛል፤ ካሸነፈ ቀሪውን በ15 ቀን ይከፍላል፤ ካልከፈለ ያስያዘው ይቀርበታል። ሰው የሚጨነቀው እስከዚህ ድረስ ነው። እኔ ግን ጭንቀቱ ከዚህ በኋላ ቢጀምር እመርጣለሁ።

ለምን ቢሉ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1195 የአስተዳደር ክፍል የባለቤትነት ማስረጃ የሰጠውን ሰው እንደ ባለቤት ይቆጥረዋል። ስለዚህ ካርታው እስካልዞረ ድረስ ግምቱ ለቀድሞው ባለቤት ያደላል፤ የባንኩ ደረሰኝ ኪስዎ ውስጥ ቢኖርም። ገንዘቡ እንደተከፈለ ሳይውል ሳያድር የሽያጩን ሰነድ ይዞ ወደ ከተማው መሬት አስተዳደር መሄድ ነው። ከጨረታው በፊትም በንብረቱ ላይ የፍርድ ቤት እግድ፣ ውዝፍ ግብር ወይም የሊዝ ዕዳ መኖር አለመኖሩን ማጣራት፣ የስም ማዛወሪያውን ወጪ ማን እንደሚከፍልም ከማስታወቂያው ላይ ማንበብ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ገዥው ነው።

በመሬቱ ደግሞ ማንም አይታለል። የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አይሸጥም አይለወጥም። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ገዥው መሬቱን በሊዝ እንዲይዝ ደንግጓል። ይህን ሳያስብ ዋጋ የሰጠ ሰው ስሌቱ ይፋለስበታል።

ሸሪዓውም እዚህ ላይ ቃል አለው። መግዛት ሳይፈልጉ ዋጋ ማናር፣ ነጅሽ የሚባለው፣ በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተከለከለ ነው። ከዚህ ይበልጥ የሚዘነጋው ግን ያልተረከቡትን መሸጥ ነው፤ አሸንፎ ስሙን ሳያዞር በትርፍ ለሌላ የሚያስተላልፍ አለና። በሻፊዒይ መዝሀብ ቤትም ቢሆን ሳይረከቡት አይሸጥም። አቡ ሐኒፋ ለማይንቀሳቀስ ንብረት ፈቅደዋል። በዚህ ፈቃድ የሚሠራ ወንድም ካርታው አሁንም በተበዳሪው ስም መሆኑን ለገዥው ይንገረው፤ ሁለተኛው ገዥ መሬት አስተዳደር ሲቀርብ በሐራጁ ሰነድ ላይ ስሙ የለምና።