የቀድሞ ፎንቶችን በአዲስ ኮምፒዩተር ስለ መጠቀም

በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ነገር ግን የተጻፈውም ቢሆን ማንበቢያ ካጣ ከተረሳው አይሻልም። በቀድሞ ፎንት የተጻፈ የተማሪዎች መዝገብ በአዲስ ኮምፒዩተር ሲከፈት፥ የአማርኛው ፊደል ጠፍቶ የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት ተደባልቆ የሚታይበት ጊዜ አለ። ይህን ያየ ሰው መዝገቡ ተበላሽቷል ብሎ ለመደምሰስ ይቸኩላል። መዝገቡ ግን አልተበላሸም፤ የጐደለው ማንበቢያው ነው።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር የሚያኖረው የፊደልን መልክ ሳይሆን ለፊደሉ የተሰጠውን ቁጥር ነው። ቁጥሩን ተከትሎ መልኩን የሚያሳየው ፎንት የሚባለው የፊደላት ቅርጽ ስብስብ ነው። በቀድሞው አሠራር ለአንድ ፎንት የተፈቀደው የቁጥር ስፍራ ቢበዛ 256 ነበር፤ ሁሉም ለፊደል የሚውል አልነበረም። የአማርኛ ፊደል 33ቱ በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹና አኃዞቹ ሲጨመሩበት ስፍራው አይበቃም። ስለዚህ ፎንት ሠሪዎች የላቲኑን ስፍራ ወስደው የአማርኛውን ፊደል አኖሩበት። አንዳንዱ ፊደሉን ከአንድ በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፈለው፤ ሌላውም የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ ሠርቶ አጋጠመው። ሁሉም በየራሱ ሥርዓት ስለ ደለደለ፥ በአንዱ ዘንድ ለ የሆነው ቁጥር በሌላው ዘንድ ሌላ ፊደል ሆነ።

በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ስፍራ ሰጠው። በዚህ ሥርዓት የሀ ቁጥር 4608፥ የሁ 4609 እየሆነ፥ በሆ 4614 ይደርሳል፤ ይህም ቁጥር ለሌላ ፊደል አይሰጥም። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም በዩኒኮድ የተሠራውን ኒያላ የተባለ ፎንት ይዞ መጣ።

እንግዲህ የቀድሞ ጽሑፍ ያጋጠመው መምህር ይህን ይጠብቅ።

አንደኛ፥ ምንም ሳይነካ የመዝገቡን ግልባጭ በሌላ ስፍራ ያኑር።

ሁለተኛ፥ ጽሑፉ በምን ፎንት እንደ ተጻፈ ይመርምር፤ ፎንቱንም ከአሮጌው ኮምፒዩተር ፈልጎ በአዲሱ ላይ ይጫን። ትሩታይፕ የተባለው ዓይነት እንደ ሆነ በዛሬው ዊንዶውስም ዘወትር ይሠራል፤ ጽሑፉም ይነበባል። ነገር ግን ከፎንቱ ጋር የነበረው የመጻፊያ ፕሮግራም ባለ 16 ቢት ከሆነ በባለ 64 ቢት ዊንዶውስ አይሠራም። ስለዚህ የቀድሞው ፎንት ለማንበቢያ ይሁን፥ አዲስ ጽሑፍ ግን በዩኒኮድ ይጻፍ።

ሦስተኛ፥ የፎንቱን ስም ወደ ኒያላ በመለወጥ ብቻ ጽሑፉ የሚቃና አይምሰለው። ልብሱ ቢለወጥ ቁጥሩ ያው የላቲኑ ነውና። ቁጥሩን ራሱን የሚለውጥ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ እርሱም የዚያን ፎንት ድልድል የሚያውቅ መሆን አለበት።

አራተኛ፥ ከተለወጠ በኋላ፥ ብራና ከአብነቱ ጋር እየተነበበ እንደሚታረም፥ አንዱ ከወረቀቱ እያነበበ ሌላው በኮምፒዩተሩ ይከታተል። ይልቁንም ዲቃሎችንና የፈተና ውጤቶችን ደጋግመው ይመልከቱ። ጓንጉል የተባለው ልጅ በስሕተት ጋንጉል ተብሎ ቢቀር፥ ካደገ በኋላ የትምህርት ማስረጃውን ሲጠይቅ ስሙ ከመዝገቡ ይታጣል። ልጁ የተማረውን ትምህርት አንዲት ፊደል ታስክደዋለች።

መዝገብ የተማሪው አደራ ነው። ስለዚህ የተለወጠው ጽሑፍ ቢታረምም የቀድሞው ግልባጭና ፎንቱ አብረው ይቀመጡ፤ ክርክር በተነሣ ጊዜ ምስክር የሚሆነው የፊተኛው ነውና።

ጥያቄ።
1. ኮምፒዩተር የሚያኖረው የፊደልን መልክ ነውን፥ ወይስ ቁጥሩን?
2. የፎንቱን ስም መለወጥ ብቻ የማይበቃው ስለ ምንድር ነው?
3. መዝገቡ ከተለወጠ በኋላ የቀድሞው ግልባጭ ለምን ይጠበቃል?