ስለ ታይሞል ጠባይ፣ ጥቅምና አያያዝ

ነጭ አዝሙድንና ጦስኝን በእጃችን አሽተን ብናሸታቸው ሽታቸው ይመሳሰላል። ምክንያቱ በሁለቱም ቅባት ውስጥ ታይሞል የሚባል ንጥረ ነገር መኖሩ ነው። ገዢ የሚከፍለው ለዚሁ ሽታ ስለሆነ፣ በውጫሌና በአካባቢው ያሉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት እነዚህን ምርቶች ለገበያ ከማቅረባቸው በፊት ጠባዩን ሊያውቁት ይገባል።

ታይሞል ተጣርቶ ሲወጣ እንደ ጨው ፍሬ ያለ ነጭ ጠጣር ነው። ሙቀቱ ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይቀልጣል። አንድ ሊትር ውኃ የሚያሟሟው አንድ ግራም ያህል ብቻ ሲሆን፣ በአልኮልና በዘይት ግን በቀላሉ ይሟሟል። ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሳይቀልጥም ቢሆን ቀስ በቀስ የሚተን መሆኑ ነው።

እኛም ባንድ ወቅት ጦስኝ በጠራራ ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ አስጥተን ነበር። ቅጠሉ ቶሎ ደረቀልን፤ ሲታሽ ግን የሚሸተው ድርቆሽ ድርቆሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምንመክረው ነፋስ በሚገባው ጥላ ሥር ስስ አድርጎ ማድረቅን ነው። ነጭ አዝሙድም ሳይፈጭና ሳይሰበር፣ በደረቅና በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ። ከጤፍ ወይም ከቡና ጋር ባንድ ቤት ቢከማች ሽታው ይጋባባቸዋል።

ጦስኝ የደጋ ተክል ነው፤ አብዛኛውም ከዱር ይለቀማል። ከሥሩ ከተነቀለ ለከርሞ አይገኝም፤ ስለዚህ እንጨታማውን ግንድ ትቶ ለምለሙን ጫፍ ብቻ ማጨድ ነው። ደግሞም ቅባቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ባንዱ ታይሞል ሲበዛ በሌላው የቅርብ ዘመዱ ካርቫክሮል ይበዛል። በላቦራቶሪ ሳይመረመር የታይሞሉን መጠን ጠቅሶ ውል መግባት ማኅበሩን ከዕዳ ላይ ይጥለዋል።

ታይሞል ረቂቅ ተሕዋስያንን ስለሚገድል በአፍ መጉመጥመጫ መድኃኒት ውስጥ ይገባል። ንብ አርቢዎችም ቫሮዋ የተባለውን የንብ ጥገኛ ለመከላከል ይጠቀሙበታል፤ ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀውን በመመሪያው መሠረት እንጂ በግምት አይደለም። ማር በሚመረትበት ወራት በቀፎ ውስጥ ከቆየ ሽታው ወደ ማሩ ይገባል።

«ወጥ ውስጥ የምንጨምረው አይደለም ወይ?» የሚሉን አሉ። ቅመሙና የተጣራው ግን አንድ አይደሉም። የተጣራው ታይሞል ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል፤ ቢዋጥ ይመርዛል። ስለዚህ የሚነካው ሰው ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርግ፤ በርና መስኮት ይከፈት፤ እሳት አይቅረብ። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የዋጠውን ሰው ለማስመለስ አይሞከር፤ ዕቃውን ከነጽሑፉ ይዞ ወዲያው ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል። ቅባቱ ፕላስቲክና ጎማ ስለሚበላ፣ በጠቆረ ጠርሙስ ተከድኖ ልጆች በማይደርሱበት ቁም ሣጥን ይቆለፍበት። ዓሣን ስለሚጎዳም የዕቃው እጣቢ ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ሐይቅ አይደፋ።